አለቃ ሲወድቅ የሚዘመር መዝሙር

ሳቅ ለብቻው የሚተው ነገር አይደለም፤ ጠባቂ ካላገኘ የት እንደሚደርስ አይታወቅም። ይህን አስቀድሞ የተረዳው የጥንቃቄ ጽሕፈት ቤት፣ ሕዝቡ እየሳቀ የሚማርበት የካርቱን ፊልም ለማሠራት በወሰነ ጊዜ፣ ከሁሉ በፊት ያደረገው ነገር ሳቁን የሚገመግም ኮሚቴ ማቋቋም ነበር። ፊልሙ ገና አልተሳለም፤ ኮሚቴው ግን ሰብሳቢ፣ ምክትል ሰብሳቢና ማኅተም ነበረው። አርቆ አሳቢነት ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ፊልሙ ስለ አንድ አውራ ዶሮ ነው። ዶሮው የጓሮው ሁሉ አለቃ ሲሆን፣ ደረቱን ነፍቶ፣ አንገቱን አስግጎ፣ ሰማይ ሰማይ እያየ ስለሚሄድ ከመሰላል ይወድቃል፣ ገንዳ ውስጥ ይገባል፣ ሳሙና ያንሸራትተዋል። ሰው ይህን አይቶ ይስቃል፤ ስቆ ሲያበቃም እግሩ ሥር ማየት ይማራል። ሐሳቡን ያመጣው የፊልሙ ሰዓሊ ነበር።

ሙዚቃውን እንዲደርስ የተጠራው ሰው ሞያውን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ሞያው ግን እሱን አያውቀውም። ሥራዎቹ ያልገቡበት ቤት የለም። የሳሙና ማስታወቂያው የእሱ ነው፤ ሊፍት ውስጥ የሚንቆረቆረው የእሱ ነው፤ ስልክ ደውለው “እባክዎ ይጠብቁ” ሲባሉ ጆሮዎን የሚበላውም የእሱ ነው። አንድ ቀን የገዛ እናቱ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደለጠፉ ዜማውን የደረሰውን ሰው ከነዘር ማንዘሩ ሲረግሙ ሰምቶ፣ ዝም አይነቅዝም ብሎ አለፈ።

እናቱ ክፉ ሴት አይደሉም። ችግሩ የጎረቤታቸው ልጅ የጥርስ ሐኪም መሆኑ ነው። ስሙ ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፎ ሲመሽ መብራት ይበራበታል።

“ያንተስ ስም የት ነው የተጻፈው?” ይሉታል።

“ሙዚቃ ላይ ስም አይጻፍም እማዬ።”

“ታዲያ ያንተ መሆኑ በምን ይታወቃል?”

የዚህ ጥያቄ መልስ አሁን ግን ተገኘ። ፊልሙ ሲጀምር ስሙ ለብቻው፣ በጉልህ ፊደል፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው እያየው ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ይህን ለእናቱ ነገራቸው፤ እናቱ ለጎረቤታቸው ነገሩ። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ ማለት የለም።

ስለዚህ ከልቡ ሠራ። አውራው ሲንጎማለል ከበሮ አብሮት ይንጎማለላል፤ ሲወድቅ ትሮምቦን የሚባለው እየተሳበ የሚነፋ ጥሩንባ አብሮት እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ መሬት ሲደርስ ዋሽንቷ ክክክ ትላለች። ፒያኖው ላይ ተቀምጦ ሲጫወተው ራሱን ሳቅ ቀደመው። እንዲያ ደስ ያለው ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ትዝ አላለውም።

ኮሚቴው ተሰብስቦ አዳመጠ። ማንም አልሳቀም፤ ሰብሳቢው ሳይስቁ መሳቅ ነውር ነውና። ሰብሳቢው የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ራሳቸው ናቸው። ሰፊ ደረት ያላቸው፣ ቀይ ከረባት የሚያዘወትሩ፣ ሲራመዱ ወደ ላይ የሚያዩ ሰው ናቸው። ሰዓሊው ዶሮውን ከመሳሉ በፊት እሳቸውን አይቷቸው እንደነበር የጠየቀው የለም፤ እሱም አልተናገረም።

“አውራው ሲወድቅ ያ ነገር ምንድን ነው ያለው?” አሉ ኃላፊው።

“ትሮምቦን ነው ጌታዬ። እየወረደ፣ እየወረደ… ሰው እንዲስቅ።”

“በማን?”

“በ… በዶሮው።”

“ዶሮው አለቃ አይደለም እንዴ?”

“ነው። ግን ዶሮ ነው።”

“አለቃ መሆኑን ግን አምነሃል።”

ምክትሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሡ። “አለቃ ሲወድቅ የሚስቅ ሙዚቃ፣ ነገ አለቃ በቆመበት ምን ሊል ነው? መውደቅ በማንም ይደርሳል፤ ቁም ነገሩ አወዳደቁ ላይ ነው። ስለሆነም አለቃው ወደ ታች በሚሄድበት ወቅት ሙዚቃው ወደ ላይ በመሄድ ሚዛን ይጠብቅ።”

ተጨበጨበ። አውራው በወደቀ ቁጥር የክብር መዝሙር በኅብረት እንዲዘመር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ምክትሉ በወጣትነታቸው ግጥም ይሞክሩ ነበር፤ እስከዚያች ዕለት የጠየቃቸው ግን አልነበረም። ግጥሙን እዚያው አወጡት፦

ከፍ በል፣ ከፍ በል፣ አንተ የኛ ኩራት፤
እግርህ አይነካውም ዝቅ ያለውን መሬት።

“እየወደቀ ነው እኮ!” አለ ሙዚቀኛው።

“ለዚያ ነዋ ማበረታቻ ያስፈለገው” አሉት።

አንድ ተስፋ ቀረችው። አውራው ከመሰላሉ ለቅቆ መሬት የሚደርሰው ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ነው፤ መዝሙር ደግሞ መግቢያ አለው፣ አዝማች አለው፣ መደምደሚያ አለው። ይህን ይዞ ኃላፊው ቢሮ ገባ።

“መዝሙር ከመሐል አይቆረጥም” አሉ ኃላፊው።

“ልክ ነው ጌታዬ። ግን አዝማቹ ሳይጀመር ዶሮው መሬት ይደርሳላ!”

“አይድረስ።”

“እንዴት አይደርስም?”

“መሰላሉ ይርዘም።”

መሰላሉ ረዘመ፤ ደመና ነካ። ገንዳው ጥልቅ ሆነ። ሳሙና የረገጠው አውራ ከጓሮ ወጥቶ፣ ሰፈሩን እየተንሸራተተ ዞሮ፣ መዝሙሩ ሲያልቅ ተመልሶ ወደቀ። ሰዓሊው ይህን ሁሉ እንደገና ሲስል አንዲት ቃል አላማረረም። ብቻ አልፎ አልፎ አፉን በእጁ አፍኖ መጸዳጃ ቤት ይገባና ሳይወጣ ይቆያል፤ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነው።

ለቀረጻው ኮሚቴው አንድም ሳይቀር ስቱዲዮ ተገኘ። ግድግዳው በስፖንጅ የተለበደ ጠባብ ክፍል ነው። ዘማሪዎቹ ማይክራፎኑን ከበዋል፤ ኮሚቴው ዘማሪዎቹን ከቧል። መዝሙር ነውና ሁሉም በክብር ቆሙ። ገና ከመጀመሩ ኃላፊው እጃቸውን አነሡ።

“ያ ሰውዬ የሚያወጣው የሚያስገባው ነገር ምንድን ነው? ክብር የለውም። ቀጥ አድርጎ ይያዝ።”

“ትሮምቦን ካልተሳበ ዜማው አይወጣም ጌታዬ” አለ ሙዚቀኛው።

“ዜማ ከሥነ ሥርዓት አይበልጥም።”

ትሮምቦን ነፊው መሣሪያውን ቀጥ አድርጎ ያዘና መዝሙሩን ከዳር እስከ ዳር “ቡ… ቡ… ቡ…” እያለ አጀበው። ሁሉም አልቆ፣ ዘማሪዎቹ እፎይ ሲሉ፣ ድምፅ ቀራጩ ከመስታወቱ ኋላ ብቅ አለ።

“አዝማቹ ላይ ሳል ገብቷል። እንድገመው።”

“የማን ሳል?” አሉ ኃላፊው።

“የ… የእርስዎ።”

“ሳሉ ይቆይ።”

ያለቀው ፊልም ለኮሚቴው ታየ። አንድም ሰው ጥርሱን አላሳየም። ሲያበቃ ሁሉም እየተነሡ በታላቅ ቁም ነገር ተጨባበጡ። ሙዚቀኛው ከወንበሩ አልተነሣም። ዕድሜውን ሙሉ በስልክ ዜማው ያስጠበቀው ሕዝብ፣ አሁን ደግሞ ስሙን አይቶ ሊያፍርለት ነው። የእናቱ ጎረቤትም አዳራሹ ውስጥ ትገኛለች። ኃላፊው ፊት ቀርቦ እጅ ነሣ።

“ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ስሜ ከፊልሙ ይውጣልኝ።”

ኃላፊው ትክ ብለው አዩት። “አየህ፣ ትሕትና ማለት ይህ ነው!” አሉ። የተሰበረ ወንበር ለማስጠገን ዓመት የሚፈጀው መሥሪያ ቤት፣ የእሱን ስም ያወጣው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ነው።

ለእናቱ እውነቱን መንገር አልሆነለትም።

“እማዬ፣ ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጡት።”

እናቱ ካውያውን ከሶኬት ነቀሉ። “የምርቃቱን መግቢያ ወረቀትስ ቀሙህ?”

“መግቢያው አለ።”

“እንግዲያው እንሄዳለን። ልብሴን ተኩሻለሁ።”

ሄዱ። መብራቱ ጠፋና ስክሪኑ ላይ “ሙዚቃ፦ በክቡር ኃላፊው የቅርብ አመራር” የሚል ወጣ። አውራው ደረቱን ነፍቶ ደመና የሚነካውን መሰላል ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣና አዳለጠው። ወዲያው ዘማሪዎቹ በሙሉ ድምፅ “ከፍ በል፣ ከፍ በል” አሉ። ትሮምቦኑ “ቡ” አለ። አዳራሹ ጸጥ ብሏል። አዝማቹ ላይ አንድ የተከበረ ሳል ተሰማ።

ከኋላ በኩል አንዲት ሴት ሳቅ አመለጣት። ከዚያ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዘማሪዎቹ ሁለተኛውን አንቀጽ ሲጀምሩ አውራው ገና በአየር ላይ ነው፤ ሰው ከወንበሩ እየተንሸራተተ፣ “በቃኝ፣ ሆዴን!” እያለ ይለምናል። ኃላፊው መጀመሪያ ዞረው አፈጠጡ። ቀጥሎ ግን ከጎናቸው የተቀመጡት የበላይ አለቃቸው በመሐረብ እንባቸውን ሲጠርጉ አዩና፣ ሐሳቡ ከጥንቱም የራሳቸው እንደነበር ትዝ አላቸው። ተነሥተው እጅ ነሡ።

ሙዚቀኛው ይህን ድምፅ ሲመኘው ኖሯል። አሁን መጣ፤ ግን አድራሻው ሌላ ቤት ነው።

እናቱ እየሳቁ ትከሻውን ተደገፉት። “ወይ ጉድ! ይሄን የሠራውን ልጅ የወለደች እናት ምንኛ ታድላለች!”

“እማዬ…” አለ። “እኔ ነኝ እኮ የሠራሁት።”

ሳቃቸው ተቋረጠ።

“ልጄ፣ ሰው ሥራ ያጣል፤ ያለ ነው። የሰው ሥራ የኔ ነው ማለት ግን ነውር ነው።”

“ስሜን ራሴ ነኝ ያስወጣሁት!”

“ሰው የገዛ ስሙን ያስወጣል? ምነው፣ አበድክ? በል ተነሥ።”

እጁን ይዘው በሕዝቡ መሐል እየጎተቱ፣ ኃላፊው እንኳን ደስ ያለዎት ወደሚባሉበት አደረሱት።

“ጌታዬ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ይሄ ልጄ ነው፤ እሱም ሙዚቃ ይሞክራል። ከእርስዎ ሥር ሆኖ ትንሽ ቢማር ብዬ ነው።”

ኃላፊው ሙዚቀኛውን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ እንደ አባት እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉ።

“አውቀዋለሁ እናቴ፣ ጎበዝ ልጅ ነው። ችግሩ ቀልድ አይገባውም።”