ባዶ መሆን የነበረበት ኮርቻ

ባሕር የሌለው አገር ሰው ውኃ ሲያይ የሚያደርገው ይጠፋዋል። እኛ ጎጃሞች ጣናን «ባሕር» ብለን በዳሩ ከተማ ቆርቁረናል፤ ማን ከለከለን? ከዚያ ያነሰ ውኃ ካገኘን ደግሞ ዳር ቆመን፣ ሆዳችንን ወደ ውስጥ ስበን ፎቶ እንነሣለን። ፎቶ ያልተነሣ ሰው ሄዶ ነበር አይባልማ። እኔ ዳንግላ ላይ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ዘንገና ሐይቅ በእሳተ ገሞራ መፈጠሩን ስንቱን ተማሪ አስጽፌያለሁ መሰላችሁ። ሐይቁን ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ቅርብ ነው፣ የትም አይሄድም እያልሁ ጡረታ ወጣሁ።

አፍሬ አንድ ቀን ሚኒባስ ተሳፈርሁና እንጅባራ ወረድሁ። አገሬው ዛሬም ቆሰበር ይላታል፤ ብርዷ ግን በሁለቱም ስሟ ያው ነው። ያረፍሁት የሺ የምትባል ሴት ከአባቷ ጋር በምትይዘው አልጋ ቤት ነው። በሩ ላይ «ሙቅ ውኃ አለ» የሚል ተጽፏል። እውነትም አለ፤ በጆግ ይመጣል። ሦስት ብርድ ልብስ ደርቤ ተኛሁ። አራተኛ መጠየቅ ይሉኝታ ይዞኝ እስኪነጋ ተንቀጠቀጥሁ። ይህችን ይሉኝታዬን ያዙልኝ፤ በማግስቱ የት እንደገባች ትጠይቁኛላችሁ።

የየሺ አባት አያ ፈንቴ ይባላሉ። ወደ ሰማንያው የተጠጉ፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ። ጓሮ ውስጥ ዳማ የሚሉት ያረጀ ፈረስ አላቸው። ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከዳማ ጋር በአዊኛ ይጫወታሉ፤ ቁም ነገሩን ለማን እንደሚያስቀምጡት ግልጽ ነው። ፈረሱ ይታጠባል፣ ገብስ ይበላል፣ ይቦረሻል። አይጫንም፣ አይጋለብም። በደረስሁ ዕለት ዝናቡ እስኪያባራ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ምን እንደሚሠራላቸው ጠየቅኋቸው።

«ይህ የለቅሶዬ ነው» አሉኝ።

እኔም የአዊ ምድር ሰው ነኝና አልገባኝም አልልም። ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ኮርቻውን ተጭኖ፣ የክብር ልብሱን፣ ግላሱን ለብሶ፣ ማንም ሳይቀመጥበት በለቅሶው መሃል ይሳባል። ድንጋይ ልብ ያለውን የሚያስለቅሰው ያ ባዶ ኮርቻ ነው። አያ ፈንቴ በጉብዝናቸው ጊዜ ስማቸው የተጠራ ጋላቢ ነበሩ። አሁን የቀራቸው ምኞት አንድ ነው፤ ዳማ ለአንድ ቀንም ቢሆን ከእሳቸው በኋላ እንዲቆይ። እሱ ከቀደመኝ እንደ ዕቃ ተጠቅልዬ ነው የምሄደው አሉና ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

የሐይቁን ታሪክም ያን ዕለት አወሩኝ። የእኔን እሳተ ገሞራ በትዕግሥት ከሰሙ በኋላ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸው ከአባታቸው እንደሰሙት፣ ሐይቁ ባለበት ቦታ የደላው መንደር ነበር። አንድ መንገደኛ በዝናብ መጥቶ የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ ቢል ከቤት ቤት እምቢ አሉት። በነጋው መንደሩ የለም፤ ውኃ ነው። «እንግዳን እምቢ ማለት ከዚያ ወዲህ ያስፈራናል» አሉ። ይህን ስሰማ ማስታወሻዬ ላይ «ጥሩ አፈ ታሪክ» ብዬ ጻፍሁ። መምህር አይደለሁ?

በማግስቱ ጉም የለበሰውን ሐይቅ ሊያሳዩኝ ዳማን አስከትለው ወጡ፤ እግሩን ለማፍታታት ነው። ሐይቁ አፋፍ ላይ ስንደርስ ጉሙ ገለጥ አለ። ውኃው አረንጓዴ፣ ዙሪያው ደን፣ ዝም ያለ። ያን ጊዜ ነው ይሉኝታዬ የከዳችኝ። ኮርቻውን ብንጭነውና አንድ ጊዜ፣ ለፎቶ ብቻ፣ ብቀመጥበትስ አልኋቸው። አያ ፈንቴ ፈረሱን አዩት። እኔን አዩኝ፤ በተለይ ሆዴን። ከዚያ ዞረው ሐይቁን አዩ። ቤት ሄደው ኮርቻውን ከነግላሱ በባጃጅ አመጡ።

«ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» አሉ።

ስልኬን ሰጠኋቸውና አነሡኝ። ጥርሴ በሙሉ ይታያል። ጥጉ ላይ የአያ ፈንቴ አውራ ጣት ገብቷል። እዚህ ላይ ብወርድ ምን ነበረበት? እንደተቀመጥሁ እስከ ውኃው ልውረድ አልሁ። ቁልቁለቱ ጭቃ ነበር፤ ዳማ የፊት እግሩ ከዳውና በጉልበቱ ወደቀ። እኔ እንደ ድንች ከረጢት ተንከባለልሁ። ሽማግሌው እየሮጡ የመጡት ወደ እኔ ነው። «ተጎዱ ወይ፣ መምህር?» አሉኝ። አለመጎዳቴን ካረጋገጡ በኋላ ነው ወደ ፈረሳቸው የዞሩት፤ እሱን የጠየቁት በአዊኛ ነው።

ዳማ እያነከሰ ቤቱ ገባ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ኔትወርክ በመጣ ቀን የሺ ደውላ መሞቱን ነገረችኝ። አባቷ ስልኩን ተቀበሏት። «እርጅና ነው፣ መምህር። አይጨነቁ፤ ደግሞ ይምጡ» አሉኝ። ምነው በሰደቡኝ! ስድብ ያልፋል፤ ይህ ግን አያልፍልኝም።

ክረምቱ ሳይወጣ እሳቸውም ተከተሉት። የሺ እንደገና ደወለች፤ ድምፅዋ አልቋል። አባቷ ያለ ፈረስ እንዳይለቀስላቸው የዳማን ፎቶ አስፍታ ልታሠራ ትፈልጋለች። ፈለገች፣ አስፈለገች፤ የዳማ ፎቶ በዓለም ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው። እኔ ጋ።

ላክሁላት። ፎቶ ቤቱ እኔን ከላዩ ላይ ለማንሳት ብዙ ደከመ አሉ፤ እኔ ስነሣ ግን ኮርቻውም እየተነሣ አስቸገረ። ባለሙያው ጥጉ ላይ ያለችውን አውራ ጣት ግን እንደ ጉድፍ ቆጥሮ ቆረጣት። ሟቹን አውጥቶ እኔን አስቀረኝ።

ለለቅሶው ሄድሁ። ሜዳው ላይ ፎቶውን በረጅም ሸንበቆ ከፍ አድርገው፣ ፈረሱ በሚሳብበት ቦታ በለቅሶው መሃል ያዞሩታል። ሰው ፎቶውን እያየ ደረቱን ይመታል፣ ያለቅሳል። ዳማ ግላሱን ለብሷል። ከላዩ እኔ ጥርሴን ገልጬ ተቀምጫለሁ። የምገባበት ጠፋኝ። ከኋላ ቆሜ አለቀስሁ፤ ማንም ከሚጠብቅብኝ በላይ አለቀስሁ።

አንዲት አሮጊት ወደ ፎቶው አየች፤ ወደ እኔ ዞረች፤ ደግማ ወደ ፎቶው አየች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን አግዳሚው ላይ ፈቀቅ አለችና በእጇ ቦታ አሳየችኝ። እንግዳ ቆሞ አይታይማ።

ተቀመጥሁ። በሰው ቦታ መቀመጥ አልለመድሁም ብል ፎቶው ይመሰክርብኛል።