የአስቴር አራት ዓሣዎችና የኔ እንዶድ

ዛሬ ሰርግ ተጠርቼ ሄጄ፣ ገና የመጀመሪያዋን ጉርሻ ሳልውጥ፣ አራት ነፍስ አጥፍተሃል ተባልኩ!

በሰው ፊት። ሙሉ ሱፍ ለብሼ።

ተናጋሪዋ አስቴር ናት። አጠገቧ ለተቀመጠችው የልጅ ልጇ በጣቷ አሳየችኝና "ዓሣዎቼን በእንዶድ የፈጃቸው መምህር ይሄ ነው" አለቻት። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። ባሏም ሳቀ። እሱ ደግሞ ምን አገባው?

ሰው አጣምሞ ሳያወራብኝ ራሴ ልናገር ብዬ ነው ይህን ፖስት የምጽፈው።

ዘመኑ ደርግ ነው። ጭሮን ያኔ አሰበ ተፈሪ ነበር የምንላት። እኔ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሳይንስ አስተማሪ ነኝ፤ አስቴርም እዚያው ታስተምራለች። እወዳት ነበር፣ ምን ልደብቃችሁ! መስቀል ሲያልፍ ሽማግሌ ልልክ ቆርጫለሁ፤ እሷም ታውቃለች።

አስቴር አኳሪየም ነበራት። አዎ፣ አሰበ ተፈሪ ውስጥ! መስታወት ቆራጭ በስቱኮ ያያያዘላት ሳጥን ነው፤ ውስጡ እህቷ ከድሬዳዋ ያመጣችላት አራት ቀያይ ዓሣዎች።

ክረምት ላይ ለኮርስ ሐረር ስትሄድ ሳጥኑን እኔ ቤት አስቀመጠችው። "አደራህን" አለችኝ። "ምግብና ንጹህ ውሃ ብቻ። ሌላ ምንም እንዳታደርግ።"

ለሳይንስ አስተማሪ እንዲህ ይባላል?

በሁለተኛው ሳምንት ሳጥኑ ባዶ ባዶ አለኝና፣ ለጌጥ ብዬ ከምንጭ ዳር አረንጓዴ ተክል ነቅዬ ከተትኩበት። አማረ። ጎረቤት ሁሉ ጠርቼ አሳየሁ።

ከዚያ አንዲት ምስር የምታክል ቀንድ አውጣ መስታወቱ ላይ ስትሄድ አየሁ። አሳዘነችኝና ተውኳት።

በሳምንቱ ስቆጥራቸው ሠላሳ ላይ ደክሞኝ ተውኩት!

በማንኪያ ለቀምኳቸው። በነጋታው ያው ናቸው። ተክሉን አውጥቼ ጣልኩ፤ እንቁላላቸው ለካ ጠጠሩም ላይ አለ። አስቴር ልትመለስ ደግሞ የቀራት አሥር ቀን ነው።

ያን ዓመት ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ያስተማርኩት ስለ ቢልሃርዚያ ነበር። በሽታውን የሚያስተላልፈው የውሃ ቀንድ አውጣ፣ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው የራሳችን እንዶድ! ሰሌዳ ላይ በቀይ ጠመኔ ጽፌ አስምሬበታለሁ።

ገበያ ወጥቼ አንድ እፍኝ እንዶድ ገዛሁ። ወቀጥኩ፣ በጠበጥኩ፣ ሳጥኑ ውስጥ አፈሰስኩ። አረፋው ሲያምር!

ቀንድ አውጣዎቹ አንድ ሳይቀሩ ሞቱ።

ዓሣዎቹም ሞቱ።

ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈው ሳለ ልብሴን የምታጥብልኝ አዴ ፋጡማ ገባች። "ያ ረቢ! ቁርጡሚውን በእንዶድ?" አለች፤ በኦሮምኛ ዓሣውን ማለቷ ነው። "እኛ ወንዝ ላይ በእንዶድ ስናጥብ ዓሣ ይሞታል እኮ። ይሄ ሕፃንም ያውቃል! አንተ መምህር አይደለህ?"

ነኝ፣ አዴ ፋጡማ። ነኝ።

እዚህ ላይ እውነቱን ለመናገር ብወስን ኖሮ ነገሩ ያበቃ ነበር። እኔ ግን ወንፊት ይዤ ወንዝ ወረድኩ። ግማሽ ቀን ጭቃ ውስጥ ቆሜ አራት ዓሣ ያዝኩ። ግራጫ ናቸው። አንዱ ጭራሽ ጢም አለው!

አስቴር መጣች። ሳጥኑን አየች። እኔን አየች።

"ምን ሆነው ነው?"

"ብርድ ነው" አልኳት። "ክረምቱ ከበደ፤ ቀለማቸውን ለቀቁ።"

ሳጥኑን አሸክማ ሄደች። አመነችኝ ብዬ ያን ቀን ለጓደኞቼ ሻይ ጋበዝኩ። አይ ሰው መሆን!

መስቀል እንዳለፈ ሦስት ሽማግሌዎች ወደ አባቷ ቤት ላክሁ። ሲመለሱ ደጅ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ትልቁ ሽማግሌ ጋሽ ኃይሉ ጋቢያቸውን አስተካከሉና ተቆጡኝ።

"ስንት ዓመት ሸምግያለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ገና ‘ልጃችን አደራ አይበላም’ ብለን ስንጀምር፣ አባትየው ‘ዓሣዎቹስ?’ አሉን። የምን ዓሣ ነው፣ ልጄ?"

ነገርኳቸው። ምን ብዬ እንደመለስኩላትም ነገርኳቸው።

"ብርድ?" አሉ ጋሽ ኃይሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን እንደገና አስተካከሉ።

በወጉ መጀመሪያ ቀን እሺ ስለማይባል ደግመው ሄዱ። ሦስተኛም ሄዱ። መልሱ ያው እምቢታ ነበር።

በመጨረሻ ራሴ አስቴርን መምህራን ክፍል ብቻዋን አገኘኋት። በእንዶዱ ይቅርታ ጠየቅኳት።

"በእንዶዱ አልተቀየምኩም" አለችኝ። "ሞቱ ብትለኝ አልቅሼ እረሳው ነበር። ዓሣ ይሞታል። አንተ ግን ቀይና ግራጫ የማትለይ ሴት አገኘሁ ብለህ አሰብክ። እንዲህ እያሰብክብኝ እንዴት እኖራለሁ?"

ጠመኔዬን አንስቼ ወደ ክፍሌ ሄድኩ።

"ሞቱ" ለማለት ሁለት ፊደል በቂ ነበር፤ እኔ እሷን ፈርቼ ወንዝ ድረስ ወረድኩ፣ እሷንም አጣኋት። እናንተስ፣ ሁለት ፊደል ላለመናገር የት ድረስ ወርዳችኋል?