አያ ታደገን ለማስተኛት የተደረገ ምርምር

በደብረ ታቦር ተጋድሞ እንግዳ የሚቀበል ሬሳ ብቻ ነው። የቀረነው፣ ጉልበት ኖረንም አልኖረንም፣ ሰው በበር ሲገባ ብድግ እንላለን። «ኖር!» እንላለን፤ ገቢውም «በእግዜር!» ብሎ ያስቀምጠናል። በቀን ስንት ጊዜ እንደምንነሳ ማን ይቆጥራል? ይህ ነገር አንድ ቀን ከሳይንስ ጋር ያጣላናል ብሎ የጠረጠረም አልነበረም።

ያጣላችን የአክስቴ ልጅ ዶክተር ሰብለ ናት። እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ ተምራ፣ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ሚቶኮንድሪያ ከሚባል ነገር ጋር ተዋወቀችና በዚያው ቀረች። ስለሱ ስታወራ ባሏ ነው የሚመስለው። እንዳስረዳችኝ ከሆነ፣ በሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥ የበላነውን እያነደዱ ጉልበት የሚሰጡን ጥቃቅን ምድጃዎች አሉ፤ ስናረጅ እነሱም ይደክማሉ። የአንዳንዱ ሽማግሌ ግን ለምን አይደክምም? የሷ ጥያቄ ይኸው ነው። ለዚህ ደግሞ ከአጎታችን ከአያ ታደገ የተሻለ ሰው ከየት ይመጣል? እሳቸው በዚህ ዕድሜያቸው ጋፋት ድረስ በእግራቸው ሄደው ማሳቸውን አይተው ይመለሳሉ። እኔ ከገበያ ለመመለስ ባጃጅ ፍለጋ እንከራተታለሁ።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። አያ ታደገ መደባቸው ላይ በጀርባቸው ይጋደማሉ፤ ጭንቅላታቸው ላይ ግልጽ የፕላስቲክ ክዳን ይደፋል፤ ከክዳኑ የወጣው ቱቦ ማሽን ውስጥ ይገባል። ለግማሽ ሰዓት መንቀሳቀስ የለም፣ መናገርም የለም። ማሽኑ ትንፋሻቸውን መርምሮ፣ ሰውነታቸው አርፎ ሳለ ምን ያህል እንደሚያነድ ይናገራል። ሰብለ ይህን ልኬት ካላገኘች የዓመታት ልፋቷ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ያልታሰበው ነገር፣ በእኛ ሰፈር ሽማግሌ በቀን ከተጋደመ ታሟል ማለት ነው፤ ከታመመ ደግሞ ይጠየቃል። ቀድመው የደረሱት የአያ ታደገ የልጅነት ጓደኛ፣ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ይማም ናቸው። ገና ከበሩ ብቅ ሲሉ አያ ታደገ ክዳናቸውን እንደደፉ ብድግ! «ኖር!» ያሉት ድምፅ ከፕላስቲኩ ውስጥ ታፍኖ ተሰማ። ሐጂም ወዳጃቸውን ብርጭቆ በመሰለ ነገር ተከድነው ቢያገኟቸው «በእግዜር» ማለቱን ረስተው ማልቀስ ጀመሩ። ለቅሶውን የሰማ ጎረቤት ሁሉ መጣ። አያ ታደገም ለገባው ሁሉ ተነሱ። ማሽኑ ራሱ በቱቦው እየተጎተተ አብሮ ለመነሳት ምንም አልቀረው።

ሰብለ ጓዳ ሆና ኮምፒውተሯን ብቻ ነበር የምታየው። ሳይንቲስት ቁጥር ላይ ካፈጠጠ ሰፈር ቢያለቅስ አይሰማም። በመጨረሻ እየዘለለች ወጣች። ይህ ሰው ተኝቶ የሚያርስ ሰው ነው፣ እንዲህ ያለ ሚቶኮንድሪያ በዓለም ላይ አልታየም አለች። ቀስ ብዬ፣ የለካሽው ሚቶኮንድሪያ ሳይሆን ይሉኝታ ነው አልኳት።

በማግስቱ እኔ በር ላይ ዘብ ቆምኩ። ዝንብ አላስገባሁም። ግን ክዳኑን ለማስተካከል ሰብለ ራሷ መግባት ነበረባት። ስትገባ አያ ታደገ ተነሱ። ዶክተር ቆማ እኔ እንዴት ልጋደም አሉ። ለመነች፣ በሞቴ አለች፤ ወጥታ ስትመለስ እንደገና ተነሱ። ይሄኔ ትዕግሥቷ አለቀና፣ ሰው ሲያረጅ መስማትም ያቅተዋል ወይ አለቻቸው። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች።

አያ ታደገ ክዳኑን በገዛ እጃቸው ደፍተው ተጋደሙ። ሰብለ ገባች፣ ወጣች፣ ደግማ ገባች። ንቅንቅ የለም! ዓይናቸው ጣራው ላይ ቀረ። ማሽኑ ያለ አንድ እንከን እስከ መጨረሻው ለካ። እኔ ግን እሳቸው ለሰው ሳይነሱ ሲቀሩ አይቼ አላውቅም ነበር። ሰብለም ስትመኘው የኖረችውን ቁጥር ይዛ ቆማ አለቀሰች።

የዚያኑ ቀን ሐጂ ይማም አስታራቂ ሆነው መጡ። ሰብለ የአያ ታደገን ጉልበት ሳመች፤ እሳቸውም «ይቅር ለእግዜር» ብለው አነሷት። ወዲያው፣ ለመሆኑ የፈለግሽው ተገኘ ወይ ብለው ጠየቋት። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ነው እንግዲህ ክፉ የተናገረችው።

ቁጥሩን ለአለቃዋ ላከች። መልሱ ብዙ አልቆየም፤ ልኬቱ ግሩም ነው፣ ግን በአንድ ሰው ምርምር አይቆምም፣ ሌሎች ሽማግሌዎችንም በዚያው ሁኔታ ለኪ የሚል ነው። ሁኔታው ምን እንደነበር እሱ በምን ይወቀው? ሰብለ ራሷን ይዛ ተቀመጠች። ያገሩን ሽማግሌ ሁሉ እየዞረች አስቀይማ በየትኛው ፊቷ ደብረ ታቦር ትመለሳለች?

አያ ታደገ ነገሩን ሲሰሙ በጣም አሰቡበት። ሰው እንዳይሰማቸው ግራና ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በይማም ጀምሪ፣ ልጄ፤ እሱ ቶሎ ነው የሚቀየመው። ብቻ እኔ ሳልሰማ ይሁን፤ ከሰማሁ ላስታርቃችሁ መምጣቴ አይቀርም።»