የአንድ ሰው ማህበር

ወፍጮ ቤት የሌለው ሰፈር አይቻለሁ። ውሃ በሳምንት አንዴ የሚመጣበት ሰፈርማ ሞልቷል፣ እኔም የምበላው በሱ ነው። ሟርተኛ የሌለው ሰፈር ግን እስካሁን አላየሁም። የትም ሂዱ፣ አንድ አለ። ሱቅ ስትከፍቱ በራፉ ላይ ቆሞ ጣራ ጣራውን እያየ "ቢቃጠልስ?" የሚል። ልጅ ክርስትና ስታስነሱ "ምነው ገረጣች?" የሚል። መኪና ገዝታችሁ ስታስመርቁ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ፣ ምንም ሳይናገር ራሱን ነቅንቆ የሚሄድ።

የኛ ሰፈር ስሙ ጠመንጃ ያዥ ነው። የኛ ሟርተኛ ደግሞ ክቡር ጋሽ ሰላሁን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ፣ የጠመንጃ ያዥና አካባቢዋ የስጋት ሚኒስትር። ማን እንደሾማቸው አይታወቅም፣ የሚሽራቸውም አልተገኘም። ረጅም ናቸው፣ ከሲታ። ክረምት ከበጋ ጃንጥላ ይይዛሉ። "ጋሼ፣ ፀሐይ እኮ ነው?" ብትሏቸው "አሁን ነዋ" ይሏችኋል።

ጥያቄያቸው ሁሉ መጨረሻው ላይ "ስ" አለው። ቢከዳህስ? ቢያፈርሱትስ? ብትወድቂስ? በጣም የሚወዱት ሰው ሲሆን ደግሞ ትልቁን ያወጡለታል። "እሺ፣ ብትሞትስ?"

ሠርካዲስ ድንች ጥብስ ቤት የከፈተች ቀን መጡ። የመጣው ሰው ሁሉ ድንቹን ሲቀምስ እሳቸው የጋዝ ሲሊንደሩን ዞረው አዩት።

"ቢፈነዳስ?"

"ጋሽ ሰላሁን፣ ሟርትዎን ይዘው ይሂዱልኝ! ደንበኛ ሊያባርሩብኝ ነው እንዴ?"

ገና ከበራፏ ዞር ከማለታቸው ከልደታ ማርያም ያመጣችውን ፀበል ሲሊንደሩ ላይ ረጨችበት። ሲሊንደሩ ዛሬም ደህና ነው። ቤቱን ያዘጋት የዘይት ዋጋ ነው።

ዓብዱልሰላምን የፍራሽ ሱቁ ውስጥ "አንድ ክብሪት ቢወድቅስ?" አሉት። ሳቀባቸው። "እርስዎ አንድ ፍራሽ ይግዙኝና ተኝተው ያስቡበት።" ሱቁ አልተቃጠለም። መንገዱ ሲሰፋ ፈረሰ። ሰብለወንጌል ስትዳር ደግሞ የሙሽራውን ሹፌር ጠጋ ብለው "ፍሬኑን አየኸው?" ብለውት ነበር። አጀቡ በሰላም ገባ። ፍሬን ያልነበረው ሙሽራው ሆኖ ተገኘ፣ ዓመት ሳይሞላው ጥሏት ሄደ።

የሳቸው ሟርት እኮ ደርሶ አያውቅም። የሚደርሰው ሌላ ነው። እሳቸው የፊት በሩን ሲጠብቁ ክፉው ነገር በጓሮ ይገባል።

ስለ ወንድሜ ስለ አስፋው ሳልጽፍ ማለፍ ፈልጌ ነበር። አልሆነልኝም።

አስፋው በያጅ ነበር። የሮቶ መቆሚያ ነው የምንሰራው፣ ጣራ ላይ የሚወጣውን የውሃ ታንከር የሚሸከመውን። እኔ ዘጠነኛ ክፍልን አቋርጬ እሱ ስር ገባሁ። ጋሽ ሰላሁን በየጠዋቱ በሱቃችን በኩል ሲያልፉ አንገታቸውን ያስገቡና "ቢያዳልጠውስ?" ይላሉ። በየጠዋቱ። አስፋው ይስቃል። እናቴ እትዬ ወለተሥላሴ ግን አንድ ቀን አላስቻላትም፣ መንገድ ላይ ወጥታ ሰው ፊት ጮኸችባቸው።

"ሁለተኛ በልጆቼ ላይ እንዳያሟርቱ! ሰማዎት? አፍዎን ከልጆቼ ላይ ያንሱ!"

አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። ሳምንት እንኳ ሳይሞላ አስፋው እርጥብ ቆርቆሮ ላይ አዳለጠውና ከሦስተኛ ፎቅ ወደቀ። ሆስፒታል እንኳ አልደረሰም። ለእናቴ ነገሩ ያለቀለት ነው። ልጇን የበላው የጋሽ ሰላሁን አፍ ነው። ከዛ ወዲህ በበራችን አያልፉም፣ ዞረው በታች በኩል ነው የሚሄዱት።

ለኔ የአስፋው መበየጃ ደረሰኝ፣ የአስፋው ደንበኞችም። ድፍረቱ ግን አልደረሰኝም። ጣራ ላይ ስወጣ የበየድኩትን ደግሜ እበይዳለሁ። ሌሊት ዝናብ ሲመጣ የሰራኋቸው ሮቶዎች ሁሉ በየጣራው ሲወዛወዙ ይታየኛል።

አንድ ቀን ጋሽ ሰላሁን ሱቁ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ቆመው አየኋቸው። እናቴ አለመኖሯን ግራ ቀኝ ካዩ በኋላ ተሻገሩ።

"ሮቶው ሰው ላይ ቢወድቅስ?"

"አይወድቅም ጋሼ።"

"ውሃ የሞላ ሮቶ ማለት እኮ አንድ መኪና ነው። ቢወድቅስ? ብትከሰስስ? ፈቃዱ በስምህ ነው፣ ዕዳው ያንተ ነው። ያላችሁ ደግሞ ያ ቤት ብቻ ነው። እናትህ የምትተኛበትን ቢወስዱትስ?"

ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። መሳቅ አቃተኝ።

"ምን ላድርግ ታዲያ?"

ለመጀመሪያ ጊዜ "ስ" የሌለው ነገር ከአፋቸው ሰማሁ። "ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር አቋቁም" አሉ። "የድርጅቱ ዕዳ የድርጅቱ፣ የእናትህ ቤት የእናትህ ይሆናል። ተዝረክርከህ በገዛ ጥፋትህ ካልሆነ በቀር። ስለዚህ ደግሞ አትዝረክረክ።"

እዛው ወሰንኩ። ወይ ድርጅት አቋቁማለሁ፣ ወይ የአስፋውን መበየጃ እሸጠዋለሁ። የእናቴን ቤት ጀርባዬ ላይ አዝዬ ሌላ ጣራ አልወጣም።

ለእናቴ ነገርኳት።

"እማ፣ ማህበር ላቋቁም ነው።"

ፊቷ በራ። አስፋው ከሞተ ወዲህ እንደዛ ሲበራ አይቼው አላውቅም። "እሰይ! የማን? የልደታ?"

"አይ... የብየዳ።"

"የብየዳ?" ትንሽ አሰበች። "ይሁን። ስንት ናችሁ?"

"እኔ ብቻ።"

"ብቻህን? የብቻ ምን ማህበር አለ? ጽዋውን ለማን ልታቀብል ነው?"

ሕጉ ለአንድ ሰውም እንደሚፈቅድ አስረዳኋት። እኔም ገና በደንብ አልገባኝም ነበር። ብቻ ስሙን ከነማዕረጉ ጠራሁላት፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ። ይሄኔ ድምጿ ወረደ።

"የተወሰነ? ማን ነው የወሰነው?"

ምን እንዳሰበች ገባኝ። አስፋውን ቀብረን ስንመለስ ሊያጽናናት የመጣ ሰው ሁሉ "ከላይ የተወሰነ ነው" ነበር የሚላት።

የንግድ ምዝገባ ቢሮው ሜክሲኮ አደባባይ ጋ ነው። ትሕትና የምትባል ልጅ ወረቀቴን አየችልኝ። ስሟን ትመስላለች።

"ለብቻህ ነው የምታቋቁመው?"

"አዎ።"

"እንግዲያው አንተ ብትሞት ወይም ራስህን የማታውቅ ብትሆን ድርጅቱን የሚረከብ ሰው ያስፈልጋል። እሱ ሰው መጥቶ ይፈርማል።"

ጠረጴዛው ስር ጋሽ ሰላሁን የተደበቁ መሰለኝ። ለካ ሕጉም ሟርተኛ ነው።

መጀመሪያ ጀለሴ አሌክስ ጋ ሄድኩ። ስልክ ይጠግናል፣ ምንም ነገር አይፈራም ብዬ ነበር የማስበው።

"አሌክሶ፣ አንድ ፊርማ ፈልጌ ነበር።"

"የምን?"

"እኔ ከሞትኩ ድርጅቱን አንተ ትረከባለህ።"

የያዘው ካቻቪቴ ከእጁ ወደቀ። "ሂድ እንጂ! ደህና ሰው መስለኸኝ! አሁኑኑ ምራቅህን ትፋ!"

"ፎርማሊቲ ነው እኮ ያራዳ ልጅ።"

"ነገ አንድ ነገር ብትሆን ሰፈሩ ምን የሚል ይመስልሃል? 'ፈርሞበት ነበር' ነው የሚሉኝ። እስክሞት 'ፈርሞበት ነበር' እባላለሁ።"

"እሺ ሸሪኬ ሁን። ሁለት ከሆንን ይሄን አይጠይቁንም።"

"ጣራ ላይ ልታወጣኝ? ከአስፋው በኋላ?" አለ። ካቻቪቴውን ፍለጋ ጎንበስ አለና ቶሎ ቀና አላለም።

እናቴን ጠየቅኳት። ተነስታ መስኮቱን ዘጋችው። ውጭ የሚሰማ ነገር ያለ ይመስል።

"አንዱን ቀብሬያለሁ" አለች። "ለሁለተኛው አልፈርምም።"

እኔም ደግሜ አልጠየቅኳትም።

መበየጃውን የሚገዛ ሰው ማፈላለግ ጀመርኩ። አንዱ መጥቶ አየው፣ ገመዱን ጎተት ጎተት አደረገው፣ "ነገ እወስደዋለሁ" አለ። አስፋው እጀታው ላይ በላስቲክ የጠቀለለው ቦታ አለ፣ እጁን እንዳያቃጥለው። ሰውዬው እዛ ላይ ሲይዘው ጥዬው ወጣሁና ወደ ታች ሄድኩ።

ጋሽ ሰላሁን መሐሙድ ሱቅ ደጃፍ፣ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጠዋል።

"ጋሼ፣ እርስዎ ይፈርሙልኛል?"

ነገሩን አስረዳኋቸው። እውነቱን ለመናገር ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። "ብትሞትስ?" ሲሉ የኖሩትን መንግሥት በማህተም ሊያረጋግጥላቸው ነው። እሳቸው ግን በጃንጥላቸው ጫፍ መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ።

"እናትህስ?"

"እምቢ አለች።"

"እኔ መሆኔን ብታውቅስ?"

"አልነግራትም።"

"ነገ ጠዋት ና" ብለው ተነሱ። በማግስቱ አብረን በእግር ወደ ሜክሲኮ ሄድን። ልደታ ማርያምን ስናልፍ ቆመው ተሳለሙ፣ ከዛ ሳያዩኝ ማውራት ጀመሩ።

"አስፋው የወደቀ ቀን ጠዋት በኔ በኩል ነው ያለፈው፣ እናትህ ከጮኸችብኝ ወዲህ ሳገኘው የመጀመሪያዬ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ቆርቆሮው እንደማይደርቅ አውቃለሁ፣ ስንት ዓመት በየሰው ግቢ ቆጣሪ ሳነብ ኖሬያለሁ። አፌ ላይ መጣ። እናትህ ትዝ አለችኝ። ሰው ሁሉ የሰማው ጩኸቷ። 'ደህና ዋል' አልኩት። ሌላ ምንም አላልኩትም። አንድ ቀን ነው ዝም ያልኩት ማኑ። አንድ ቀን።"

እናቴ ስለ ተናገሩ ነው የሞተው ትላለች። እሳቸው ስላልተናገሩ ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ የዛን ጠዋት፣ ጣራ ላይ ወገብ የሚታሰርበትን ገመድ "ብታስረውስ?" ያላልኩት የገዛ ወንድሙ ነኝ። ቢሮው እስክንደርስ እናቴም ጭምር ሦስታችንም አብረን የምንሄድ ነበር የሚመስለኝ።

ትሕትና ወረቀቱን ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። "የማህበሩ ብቸኛ አባል አቶ ማኑ በሞት ሲለይ..."

"ማን ነው የሚሞተው?" አሉ ጋሽ ሰላሁን።

"አባባ፣ ሕጉ ነው እንደዚህ የሚለው።"

"ሕጉ ያሟርታል እንዴ? እስቲ ልጁን እዪው! ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው! ምን ሆኖ ነው የሚሞተው?"

ሰልፍ ላይ ያለው ሁሉ ዞረ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ምናልባት ቢሞትስ ለማለት ነው..." ስትል ትሕትና፣

"ቢሞትስ?" ብለው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። "ቢሞትስ ይባላል? እናት የላችሁም እናንተ?"

የጠመንጃ ያዥ የስጋት ሚኒስትር ነው ይሄን የሚለው። ሰፈሩ ቢሰማ ማንም አያምነኝም።

"ጋሼ፣ ይፈርሙና እንሂድ" አልኳቸው።

"አልፈርምም። 'አያድርገውና' የሚል ትጨምርበት።"

"አባባ፣ እንደዛ የሚል ነገር አንጽፍም። ቅጹ አይፈቅድም።"

"እንግዲያው አልፈርምም።"

ከኋላችን አንዲት ሴትዮ "እውነታቸውን ነው እኮ" አለች። አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ "ሰዓት እየሄደ ነው" አለ። ትሕትና ስክሪኗን አየች፣ እኔን አየች። ዓይኔ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም። ወረቀቱን እንደገና ከላይ ጀምራ አነሳችው። ያን ቦታ ስትደርስ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"አያድርገውና፣ አቶ ማኑ በሞት ሲለይ..."

"አያድርገው" አለች ከኋላ ያለችው ሴትዮ።

"አያድርገው" አለ ባለ ከረባቱም፣ ሰዓቱን እያየ።

ጋሽ ሰላሁን ፈረሙ። ፊርማው ከመስመሩ ወረደ። ትሕትና ማህተሙን መታችበት።

መበየጃውን አልሸጥኩም። ሰውዬው መጥቶ ተሳድቦ ሄደ። ድርጅት አለኝ አሁን፣ እኔም ነኝ ድርጅቱ። ለእናቴ ማን እንደፈረመ አልነገርኳትም። ፈርቼ ነው። ይሄን ጋዜጣ የሚያነብላት ጎረቤት አይጠፋም፣ ስለዚህ ከናንተ ጋር እኩል ልትሰማው ነው። እማ፣ ከመቆጣትሽ በፊት እስከ መጨረሻው ያንብቡልሽ።

ከቢሮው ስንወጣ ሜክሲኮ እንደሁልጊዜው ሰውና ታክሲ ተደበላልቆ ነበር። መንገዱ ጠርዝ ላይ ስንደርስ ጋሽ ሰላሁን የእጄን አንጓ ያዙ። አጥብቀው፣ ትንሽ ልጅ እንደሚያዝ። ታክሲዎቹ ቆሙ፣ ተሻገርን። እግረኛ መንገዱ ላይ ወጣን። አልለቀቁኝም። አንድ ወያላ አይቶን "አባት፣ ልጁ ሊጠፋብዎት ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀ። እጄን አልነጠቅኩም። እስከ ጠመንጃ ያዥ እንደያዙኝ ሄድን።