በሁለት በኩል የተላኩ ሽማግሌዎች

አንድ ነገር ሲፈልግ በሁለት በኩል አማላጅ የሚልክ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ሰቆጣ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። እኔ ቤት የተከራየው የፊዚክስ መምህር ግን ከሁሉም ይብሳል።

መምህሩ የጎረቤቴን ልጅ ለማግባት ፈለገ። አባትየው የሚያከብሯቸውን ሦስት፣ እናትየዋ የሚሰሟቸውን ሦስት ሽማግሌዎች ለየብቻ ለመነ። ስድስቱም እሑድ ጠዋት ከልጅቷ ደጃፍ ላይ ተገጣጠሙ።

"እኛን አላመነንም ማለት ነው?" አሉ አንደኞቹ። ሁለተኞቹም ያንኑ አሉ። የመጡበትን ሳይናገሩ ሁሉም ተመለሱ።

ይህን ስነግረው አንገቱን ደፋ።

"እማማ፣ ለማስተርሴ የማጠናው ይህንኑ ነው" አለኝ። "ኳንተም ዶት የሚባሉ ሁለት ኢምንት ነጥቦች አሉ። ኤሌክትሮን በነሱ ሲያልፍ በሁለት መንገድ ባንዴ ይሄዳል። መንገዶቹ ሲገናኙ አንዳንዴ አንዱ ሌላውን ይሽረዋል፤ ኤሌክትሪኩም አያልፍም።"

"አንዱ መንገድ ቢዘጋስ?"

"ያልፋል።"

ደነገጥኩ። ይህን እያወቀ ነው ስድስት ሽማግሌ ያሰለፈው?

"አንደኛው ወገን ባይሳካለትስ ብዬ ነው፣ እማማ።"

የባሰው ድንጋጤ ማግስቱን መጣ። ልጅቷ ራሷ በሬን አንኳኳች። በእኛ ጊዜ ይህ አይታሰብም። እኔን በአክብሮት ሰላም ብላ ወደ እሱ ዞረች።

"መምህር፣ ይህን ሁሉ ትልቅ ሰው ከማንከራተትህ በፊት እኔን ጠይቀኸኛል?"

ለካስ አንድ ቀን እንኳ አነጋግሯት አያውቅም።

ለልጅቷ ወንበር ሰጥቻት ወጣሁ፤ በሩን ግን ገርበብ አድርጌ ተውኩት።