ጋሽ ሽፈራው ዛሬና ነገ በስምንት ሰዓት ይቀበራሉ

አሰላ ውስጥ ሲኒማ አዳራሽ እንዲሞላ ከፈለጋችሁ ሰው መሞት አለበት። ጨካኝ አትበሉኝ። የኛ ከተማ ሰው ለፊልም ሲጠሩት ብርድ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ስልኬ ላይ አየዋለሁ ይላል። ለቀብር ሲሆን ግን በረዶ ቢዘንብም አይቀርም። ይህን ያረጋገጥኩት ባለፈው ቅዳሜ፣ በገዛ አፌ ሰው ገድዬ ነው።

ከቤታችን ፊት ለፊት ትንሽ ሲኒማ አዳራሽ አለች። ባለቤቷ ጎረቤታችን ነስሩ የሳምንቱን ፊልሞች በባጃጅ እየዞርኩ እንዳስተዋውቅለት ለመነኝ። «ሁለቱንም ቋንቋ ትችያለሽ፣ ድምፅሽም ሩቅ ይሰማል» አለኝ። መሰማቱንስ ይሰማል። ችግሩ ሲፈጥረኝ የለቅሶ ቤት ድምፅ ነው የሰጠኝ። በሰርጌ ቀን «እሺ» ስል እንኳ የባሌ እናት አልቅሰዋል።

የሳምንቱ ፊልሞች ሁለት ነበሩ። አንደኛው ልጅቷ ዓይኗ የሚጠፋበት የፍቅር ፊልም ነው። ሲታይ ሦስተኛ ሳምንቱ ስለሆነ መታወሯን ያልሰማ የለም። ሁለተኛው አዲስ ኮሜዲ ነው፤ ርእሱ «የጋሽ ሽፈራው ቀብር»። እናንተ አሁን ገብቷችኋል። እኔ ግን ባጃጁ ውስጥ ሞንታርቦውን ታቅፌ ተቀመጥኩና ጀመርኩት፦

«ዛሬና ነገ፣ በስምንት ሰዓት፣ የጋሽ ሽፈራው ቀብር። ቤተሰብዎን ይዘው ይምጡ። እንዳያመልጥዎ።»

ከዚያ ማንም እንዳይቀር ብዬ በአፋን ኦሮሞ ደገምኩት።

የኛ ሰፈር ደግሞ የራሱ ጋሽ ሽፈራው አለው። የከተማውን ግማሽ፣ እኔንም ጨምሮ፣ አማርኛ ያስተማሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ይህ እንዴት ትዝ አላለሽም ብትሉኝ፣ እኔ የማነበው የፊልም ርእስ ነበር። ገበያው ጋ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ስትጭን አይቼ፣ ለካ ለፊልም እንዲህ ያለ ፍቅር አለን ብዬ ድምፁን ጨመርኩት። በኋላ እንደሰማሁት አንዱ ሰውዬ «ዛሬና ነገ? ሁለት ቀን ነው እንዴ የሚቀበሩት?» ሲል፣ ጓደኛው «ስንት ተማሪ ያወጡ ሰው ናቸው እኮ» ብሎ መልሶለታል።

አምስት ሰዓት ላይ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶችና ጋቢ የደረቡ ሽማግሌዎች የጋሽ ሽፈራውን በር አንኳኩ። የከፈቱት ራሳቸው ናቸው። የሰዉን ፊት አይተው «ማን ነው የሞተው?» አሉ። መልስም ሳይጠብቁ «በሉ ቆዩኝ፣ ካፖርቴን ልልበስና አብረን እንሂድ» ብለው ገቡ።

እኔን ሰዎች ፈልገው ሲያመጡኝ ጋሽ ሽፈራው ነገሩን ደርሰውበታል። ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ካፖርታቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ለቀስተኛው ልሂድ ልቆይ እያለ ዙሪያቸውን ቆሟል።

«ያልሽውን ድገሚልኝ» አሉኝ።

ደገምኩት።

«ፊልም የሚለው ቃል የታለ?»

«ርእስ ስለሆነ... ትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ነው፣ ጋሼ።»

«ትእምርተ ጥቅስ በሞንታርቦ ይሰማል?»

«አይሰማም።»

«ሰባተኛ ክፍል አስተምሬሽ ነበር።»

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ሚኒባስ በሩ ላይ ቆመ። የወረዱት ታናሽ ወንድማቸው ጋሽ ደበበ ናቸው። አንድ ደግ ሰው ወደሚኖሩበት ከተማ፣ ጢቾ ድረስ ደውሎ አርድቷቸዋል። ሁለቱ ወንድማማቾች አባታቸው በተዉት የባሕር ዛፍ ረድፍ ተጣልተው ስድስት ዓመት አልተነጋገሩም። ጋሽ ደበበ «ወንድሜን ሳልታረቀው» እያሉ፣ ሰዉን በክንዳቸው እየገፉ መጥተው አግዳሚው ፊት ደረሱ። እንባቸው ባለበት ቆመ።

«አለህ?» አሉ።

«አለሁ» አሉ ጋሽ ሽፈራው።

«ታዲያ ምን አስጠራኝ?»

«እኔ አልጠራሁህም። ይቺ ናት» ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ።

ጋሽ ደበበ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ከዘራቸውን አዩት። ሁለታችንን ሊያገናኙን ነው ብዬ ወደ ኋላ ሸሸት አልኩ። ደግነቱ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ሚኒባሱ ግን ሄዷል።

«ባሕር ዛፉ እንዴት ነው?» አሉ ጋሽ ሽፈራው ከኋላቸው።

«ቆረጥኩት።»

«ያንተን ድርሻ?»

«ሁሉንም።»

ጋሽ ሽፈራው ብዙ አሰቡና፣ «ጥሩ አደረግህ፤ እኔም ስለሱ ማሰብ ደክሞኝ ነበር» አሉ። ከዚያ ጠጋ ብለው አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቁላቸው። አልተቃቀፉም፣ አልተሳሳሙም። ጋሽ ደበበ ብቻ ተቀመጡ።

ነስሩ ይሄኔ ፊቱ አመድ መስሎ ደረሰ። «ጋሼ፣ ፊልሙን ዛሬውኑ አነሳዋለሁ» አለ።

«ለምን? ይህ ሁሉ ሰው ሥራውን ፈትቶ መጥቶ ሳይቀብረኝ ሊመለስ ነው?» ብለው ተነሱ።

አዳራሹ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ፊልሙ ሲጀመር የሚስቅ ጠፋ፤ ሁሉም ከፊት የተቀመጡትን ጋሽ ሽፈራውን በዓይኑ ይጠብቃል። እሳቸው ሲስቁ ነው ቤቱ የፈነዳው።

እኔ ከሁለቱ ወንድማማቾች ኋላ ነበርኩ። ፊልሙ ላይ የሬሳ ሳጥኑ ሲወጣ ጋሽ ደበበ መሐረባቸውን አወጡ።

«አለሁ እኮ፣ አጠገብህ ነኝ» አሏቸው ጋሽ ሽፈራው ቀስ ብለው።

«ላንተ መች አለቀስኩ» አሉ ጋሽ ደበበ፣ አፍንጫቸውን እየጠረጉ። «ለሰውዬው ነው።»