ታክሲው ሽመክትን ጋራዥ የወሰደበት ቀትር

ቅዳሜ በቀትር፣ የድሬዳዋ ሙቀት ሰውን ሁሉ ጥላ ሥር በሰበሰበበት ሰዓት፣ ሽመክት በሕልሙ ታክሲው ሲነዳው አየ።

ሽመክት ሃያ ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው ነው። የዚያን ዕለት ታናሽ እኅቱን ፀዳለን ሊድር ነበር። እናታቸው ስትሞት ፀዳለ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ጸጉሯን ጎንጉኖ፣ ደብተሯን ሸፍኖ ያሳደጋት እሱ ነው። «ሙሽሪትን ከፊት ሆኜ የምመራት እኔ፤ ዘፈኑንም በእኔ ጣሉት!» ብሎ በዘመድ ፊት ፎክሮ፣ ሁለት ትልልቅ ስፒከር በገዛ እጁ ታክሲው ውስጥ ገጥሟል። ታዲያ ስድስት ሰዓት ላይ ሊሞክረው ቴፑን ከፍ ቢያደርግ «ጠቅ» አለና ጸጥ። ፊውዙን ነቅሎ ሲያየው ተቃጥሏል። አዲስ ሰካ፤ ተቃጠለ። ሌላ ሰካ፤ እሱም ተቃጠለ። አጃቢው የሚነሣው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሽመክት የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት በጣቱ እየጠቀለለ፣ በፊውዙ ቦታ ልሰካው አልሰካው እያለ ሲያመነታ ቆየና «እስቲ ላፍታ ላስብበት» ብሎ የኋላው ወንበር ላይ ጋደም አለ። እንቅልፍ ይዞት ጭልጥ ያለው ያኔ ነው።

በሕልሙ ታክሲው ትከሻው ላይ ፊጥ ብሏል። ቀኝ ጆሮውን ሲስበው ወደ ቀኝ፣ ግራውን ሲስበው ወደ ግራ ይታጠፋል። ሽመክት «ወዴት ነው?» ሊል አፉን ከፈተ፤ ድምፅ የለም።

«አትድከም፤ ታመሃል» አለው ታክሲው። «ጋራዥ እየወሰድኩህ ነው።»

ከዚራ ሰፈር ደረሱ። ዛፎቹ ሥር ባጃጆች ሦስት ጎማቸውን አጣምረው ሻይ ይጠጣሉ። ሾፌሮቻቸው ግን ፀሐይ ላይ ተደርድረው ቆመዋል፤ እንዳይንሸራተቱም ተረከዛቸው ሥር ድንጋይ ተደርጎላቸዋል። መስቀለኛው መንገድ ላይ የትራፊክ ፖሊሶች መንጃ ፈቃዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተሰልፈዋል። የምትቆጣጠራቸው አንዲት ግመል ናት። ፊሽካዋን ነፋችና ታክሲውን አስቆመችው።

«ምን እየነዳህ ነው?»

«ሾፌር ነው።»

«አንድ ሾፌር ነው እንዲህ የሚያስተነፍስህ?»

«እኅቱን ሊድር ነው፤ ስለዚህ ሲነዱት ይከብዳል።»

«እለፍ አቦ!» አለች ግመሏ፤ ዐይኗም እንባ አቀረረ።

ጋራዡ ሰው በሰው ሆኖ ነበር። ሰዎች ሸሚዛቸውን ከፍተው ተኝተዋል፤ ቱታ የለበሱ መኪኖች ካቻቪቴ ይዘው በላያቸው ጎንበስ ብለዋል። አንድ ሽማግሌ ጉልበታቸውን ግራሶ እየተቀቡ «አሁን ገና ተሻለኝ» ይላሉ። ዋናው መካኒክ ባሻ የሚሏቸው አሮጌ የጭነት መኪና ናቸው። የፊት መብራታቸው ላይ መነጽር አድርገዋል።

«ምን ሆነ?» አሉ ባሻ።

«ድምፁ ጠፋ» አለ ታክሲው። «ሌላው ደህና ነው። ይሄዳል፣ ይበላል፣ ይቆጣል።»

ባሻ የሽመክትን ብብት ገለጥ ቢያደርጉ ትንሽ ክዳን ተገኘች። ከፈቷትና ፊውዙን ነቅለው ወደ ፀሐይ አንሥተው አዩት። ውስጡ ያለችው ጸጉር የምታህል ሽቦ ተበጥሳለች። አዲስ ሲሰኩለት ሽመክት «አ...» ብሎ ጀመረ። ጠቅ! እንደገና ዲዳ ሆነ።

«ወፈር ያለ ስጡት!» አለ አንድ አውቶብስ።

«ኧረ በሲጋራ ወረቀት ጠቅልሉት!» አለች አንዲት ፒክአፕ።

ባሻ ጥሩንባቸውን አንባረቁባቸው። «ፊውዝ ዘበኛ ነው! ዘበኛው በሞተ ቁጥር ሌላ ዘበኛ ታቆማላችሁ እንዴ? ገዳዩን ፈልጉ እንጂ! የሽቦውን መስመር አንድ በአንድ ንቀሉ!»

መኪኖቹ ተሻሙበት። ረሃቡን ነቅለው ፊውዝ ሰኩ፤ ተቃጠለ። የወገብ ሕመሙን ነቀሉ፤ ተቃጠለ። በዘመድ ፊት የፎከረውን ፉከራ ሦስት መኪኖች ተረዳድተው፣ «ሆ!» ተባብለው ነቀሉ፤ ያም ሆኖ ተቃጠለ። በመጨረሻ ከግራ ጎድኑ ሥር የምታልፈውን ቀይ ሽቦ ሲነቅሏት ፊውዙ ጸና። ጋራዡ በጥሩንባ ተናወጠ።

«ይቺ ወዴት ነው የምትሄደው?» አሉ ባሻ።

«ወደ ፀዳለ» አለ ታክሲው በቀስታ።

ሽቦዋ ልባሷ ተልጦ ከአጥንቱ ጋር ትነካካ ነበር። «ከመቼ ጀምሮ?» ሲሉ ታክሲው ሁሉን ዘረዘረ። ሽማግሌዎች ፀዳለን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡ ዕለት ሽመክት «እሰይ!» ብሎ ተቀብሏቸዋል። ሙሽራው ሥራው ጂማ መሆኑን ሲነግሩትም «ጂማ ጥሩ አገር ነው» ብሏል። ከዚያ ወዲያ ስለ ነገሩ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

«ይጠገናል» አሉ ባሻ። «ግን ልጁ የሚፈርምለት አሳዳጊ ያስፈልገዋል። የማን ነው?»

«የእኔ ነው!»

ከመኪኖቹ መካከል የሰባት ዓመቷ ፀዳለ በተማሪ ዩኒፎርም ብቅ አለች። የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ ጆሮዋ ላይ እስክሪብቶ ሰክታለች። ፈረመች። ከዚያም የሽቦ መጠቅለያ ጥቁር ናስትሮ በጥርሷ ቆርጣ፣ የተላጠውን ሽቦ በትንንሽ ጣቶቿ እያዞረች ጠቀለለችው። «ቁጭ በል፣ አትቁነጥነጥ» ትለዋለች፤ ልክ እሱ ጸጉሯን ሲጎነጉን ይላት እንደነበረው።

«ወንድሜን ዛሬ ልድር ነው» አለች ለባሻ። «ድምፁ ሳይመለስ ለባዳ አልሰጥም።»

ሽመክት ወደ ራሱ ቢያይ ቬሎ ለብሷል። ዘርፉ ከጋራዡ ወጥቶ እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ተዘርግቷል። ደነገጠ። ፊውዙ ሲሰካ የወጣው የመጀመሪያ ቃልም ይኸው ነበር፤

«ለማን ነው የምትድሪኝ?»

«እኔ እንጃ። ግን ጨዋ ነው ይላሉ።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ደጅ ቆሜ እጄን አወዛውዛለሁ። ከዚያ ቤት ገብቼ፣ ረስቼው፣ የሁለት ሰው እራት እሠራለሁ።»

ሽመክት ሊያለቅስ አፉን ከፈተ፤ ሲከፍተው ግን የወጣው ዘፈን ነበር። እንዴት ያለ ድምፅ! በአፉ ብቻ አይደለም፣ በሁለቱም ጆሮው ይወጣል። ባሻ መነጽራቸውን ወርውረው እስክስታ ወረዱ፤ ዕቃ መጫኛቸው ተንቋቋ። ባጃጆቹ ሻያቸውን ደፍተው መጡ። ግመሏ ፊሽካዋን እየነፋች፣ ፖሊሶቹን ከኋላዋ አስከትላ ገባች። ትንሿ ፀዳለ ትከሻው ላይ ወጥታ «ጨምር! ጨምር!» እያለች አፍንጫውን እንደ ድምፅ ማስተካከያ ታዞረዋለች። እሱም ጨመረ። የጋራዡ ቆርቆሮ ክዳን ተነሣ፤ መሬቱ ይወዛወዝ ጀመር፤ ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ፣ ጭንቅላቱ ከአንድ ነገር ጋር ተጋጨና...

ብንን አለ።

የታክሲው የኋላ ወንበር ላይ ነው። ጭንቅላቱ የገጨው በሩን ነው። ታክሲው ደግሞ እየሄደ ነው። የሞተር ድምፅ ግን አይሰማም። ቀና ቢል መሪውን የጨበጠች ነጭ ቬሎ የለበሰች ሴት አየ። ዘርፏን ሰብስባ ጎኗ ባለው ወንበር ላይ ቆልላዋለች።

«ፀዳለ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ወንድም ጋሼ ነቃህ? ቁልፉን ሳታጠፋ ተኝተህ ባትሪው ሞተ! ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ሌሎቹ መኪኖች ከኋላ አሉ። ወንድሜ ከፊት ሳይሆን አልሄድም አልኩ።»

ሽመክት በኋላው መስታወት ቢያይ ሙሽራው ኢዮስያስ ከረባቱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ላብ እያጠመቀው፣ ከአራት ሚዜዎቹ ጋር ታክሲውን ይገፋል። ከኋላቸው መንገዱን የሞላ አጃቢ ያጨበጭባል፤ ሴቶች እልል ይላሉ፣ ሱቅ በር ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ይጨፍራል።

«ለምን አልቀሰቀሳችሁኝም? ደግሞ ያለ ቴፕ፣ ያለ ዘፈን ምን ያስጨፍራችኋል?»

ፀዳለን ሳቅ አፈናት። መሪውን በአንድ እጇ ይዛ እንባዋን በጓንቷ ጠረገች።

«እንዴት እንቀስቅስህ? ከቤት ከወጣን ጀምሮ በእንቅልፍህ የምትዘፍንልን አንተ ነህ!»

ይህን ጊዜ ጭብጨባው እየላላ መጣ፤ አጃቢውም ምን ሆነ ብሎ ቆመ። ዋናው ሚዜ እያለከለከ በመስኮቱ አንገቱን አስገባ።

«ማነው የቀሰቀሰው? አቦ፣ አዳራሹ ጋ ለመድረስ ገና ሁለት መንገድ ይቀረናል! መልሳችሁ አስተኙት!»